ቁመት፦ 1.80፤ ሥራ፦ የግል፤ ፎቶ፦ በውስጥ መስመር

የዘመኑን የትዳር ፈላጊ ፕሮፋይል የማያደንቅ ሰው ካለ ምቀኛ ነው። ድሮ አንዲት ልጅ ለማጨት ሽማግሌ ይላካል፣ ዘር እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፣ ጎረቤት ሳይቀር ይጠየቃል። ምን ዓይነት የጊዜ ብክነት ነው! ዛሬ ቴሌግራም ላይ ጥቂት መስመር ሞልቶ መለጠፍ ነው። አማላጁም ራስህ፣ ምስክሩም ራስህ፣ ሽማግሌውም ራስህ።

ዋናው ፎቶ ነው። ወንድ ከሆንክ መኪና ያስፈልግሃል። የግድ ያንተ መሆን የለበትም። እንዲያውም ያንተ ከሆነ አያምርም፣ ቪትዝ ይሆናላ። ቦሌ ወርደህ የቆመ ቪ8 ፈልግ። ክንድህን ኮፈኑ ላይ ጣል አድርግ፣ ፊትህን ወደ ጎን አዙር፣ ብር የሰለቸው ሰው ምሰል። ታርጋውን በልብ ስቲከር ሸፍነው። በቀደም አንዱን አይቼ ባርኔጣዬን አንስቼለታለሁ። መነጽሩ፣ አቋቋሙ፣ ሁሉም ሸጋ ነው። የመኪናው መስታወት ላይ ግን አንድ ጎልማሳ ፌስታል አንጠልጥለው፣ ቁልፍ በእጃቸው ይዘው፣ ፊታቸውን አጨማደው ሲመጡ ይታያል። ከሥር አንዷ «አባትህ ናቸው?» ብላ ጠየቀችው። «ሾፌሬ ነው» አላት። እንዲህ ያለ ጭንቅላት ይዞ እንዴት ሚስት ያጣል?

ሴቶች መኪና አያስፈልጋቸውም፣ ፊልተር አለ። መጀመሪያ ብጉር ያጠፋል፣ ቀጥሎ አፍንጫ ያቀጥናል፣ ትንሽ ሲገፋበት የወለደቻት እናት ራሷ «ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት?» ትላለች። ብልጦቹ ከአምስት ጓደኞቻቸው ጋር የተነሱትን ይለጥፋሉ። የቷ እንደሆነች ለማወቅ ኢንቦክስ መግባት ግድ ነው።

ቁመት ላይ አትሰስት። ፈረንጅም ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ ጥናት ተመራማሪዎች ኒውዮርክ ውስጥ በኢንተርኔት ፍቅረኛ የሚፈልጉ 80 ሰዎችን ጠርተው ቁመታቸውን ለኩ፣ ክብደታቸውን መዘኑ፣ ዕድሜያቸውን ከመንጃ ፈቃዳቸው ጋር አመሳከሩ። ከአሥሩ ስምንት ያህሉ ቢያንስ አንዱን አሳስተው ጽፈው ተገኙ። የሚያሳዝነው፣ አብዛኛው ውሸት ኢምንት ነበር። ለካ ፊት ለፊት መገናኘት አለ ብለው ፈርተው ነው። የኛ ልጅ ምን ያስፈራዋል? 1.68ቱን 1.80 ብሎ ይጽፋል፤ የቀጠሮው ዕለት ካፌ ቀድሞ ገብቶ ይቀመጣል፤ እሷ ታክሲ ውስጥ እስክትገባ ድረስ አይነሳም።

ሥራ? «የግል» በል፣ ጨርስ። ባለ ሕንፃውም፣ ካርድ አዟሪውም፣ እስከ እኩለ ቀን የሚተኛውም እዚህች ጋ እኩል ናቸው። እንቅልፍም እኮ የግል ነው። መልክ የሚለው ላይ «ቆንጆ ነህ ይሉኛል»፤ እነማን እንደሚሉህ የሚጠይቅ የለም። «ውሸት አልወድም» የምትለዋን እንዳትረሳ፣ ግዴታ ናት። ከቪ8ቱ ፎቶ ሥር ስትሆን ደግሞ በጣም ታምራለች።

ዋሽንግተንና አካባቢው ያለኸው ወንድሜ፣ አንተ ይህን ሁሉ አትልፋ። «ወረቀት አለኝ» ካልክ ስለ ቁመትህ ማንም አያነሳም። ፎቶውም ከመጣህበት ዓመት ይሁን፣ ፀጉር ከነበረህ ጊዜ።

የፕሮፋይል ሁሉ ቁንጮ ግን «የምፈልጋት» የሚለው ክፍል ነው። በቅርቡ ያነበብኩትን ካላካፈልኳችሁ ንፉግ እባላለሁ። ሰውየው 47 ዓመቱ ነው፣ ከሁለት እናት ሁለት ልጆች አሉት። የሚፈልጋት ከ19 እስከ 24፤ ጭምት ግን ዘመናዊ፤ እንጀራ የምትጋግር፣ የራሷ ገቢ ያላት፣ «ያለፈ ታሪክ የሌላት»። ልጅ ያላት እንዳትደውል ይላል። ሲያበቃ በደማቁ ጽፏል፦ «ጥቅም ፈላጊዎችና ቀልደኞች፣ እባካችሁ እየደወላችሁ አታስቸግሩኝ!»

ማስታወቂያው ከተለጠፈ ከርሟል። እስካሁን ማንም አላስቸገረውም።