ቃሚ መቁጠር እስከ መቼ?

እኔ በምኖርበት በእንግሊዝ አገር ጫት በሕግ ከታገደ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። እገዳው እዚህ የምንኖረውን ኢትዮጵያውያን፣ ሶማሌዎችና የመኖች ብዙ ያከራከረን ቢሆንም፣ እኔን እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ግን ከእገዳው በፊት የወጣ አንድ ሪፖርት ነው። መንግሥትን በአደንዛዥ ዕፆች ጉዳይ የሚያማክረው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በጥር 2013 ባወጣው በዚህ ሪፖርት፣ ስለ ጫት የተሠሩትን ጥናቶች ከመረመረና ከቃሚውም ከቤተሰቡም ወገን ምስክርነት ከሰማ በኋላ፣ ጫትን ለማገድ የሚያበቃ ማስረጃ እንዳላገኘ ገልጾ እንዳይታገድ መከረ። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ቴሬዛ ሜይ ግን ምክሩን አልተቀበሉም። ጠንካራ ማስረጃ ባለመኖሩ ጉዳቱ ከእውነተኛው መጠን አንሶ ታይቶ ሊሆን ይችላል፣ ሌሎች የአውሮፓ አገሮች ስላገዱም እንግሊዝ የጫት መተላለፊያ ትሆናለች የሚል ምክንያት አቀረቡ፤ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2014 እገዳው ጸና።

ሁለቱም ወገኖች የቆሙት በአንድ ነገር ላይ መሆኑን ልብ በሉ፤ ማስረጃ የለም። ምክር ቤቱ «ማስረጃ ከሌለ አይታገድ» አለ፣ ሚኒስትሯ «ማስረጃ ከሌለ ያሰጋል» አሉ። ታዲያ ይህ ማስረጃ ከየት ይምጣ? ቅጠሉ የሚበቅለው፣ ሰውም ሠላሳና አርባ ዓመት ሲቅም የሚገኘው በአወዳይ፣ በሐረር፣ በወንዶና በቡታጅራ እንጂ በለንደን አይደለም። ጥያቄው የእኛ ነበር፤ መልሱን መስጠት የነበረብንም እኛ ነበርን።

ይህን የምለው እንግሊዞችን ለማሞገስ አይደለም። የዚሁ ምክር ቤት ሊቀ መንበር የነበሩት ፕሮፌሰር ዴቪድ ነት፣ የመንግሥትን የዕፅ ፖሊሲ በአደባባይ በመተቸታቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ከኃላፊነታቸው ተነሥተዋል። ፖለቲከኛ በየትም አገር የማይወደውን ጥናት ይገፋል። ነገር ግን የተገፋው ጥናት እዚህ በማንም ሰው እጅ ይገባል፤ ሚኒስትሯ የጣሉትን ምክር እኔ ተራው ስደተኛ አንብቤ፣ የቱ ላይ እንደተለያዩ ለይቼ ልከራከርበት እችላለሁ። የጎመዠሁት ይህን ነው።

በአገራችን ስለ ጫት የሚሠራ ጥናት አነሰ የሚለኝ ሰው ካለ አልስማማም። ጥናቱ ሞልቷል፤ ችግሩ አብዛኛው አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። «በእገሌ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መካከል የጫት መቃም ስርጭትና ተያያዥ ምክንያቶች» የሚለው ርዕስ፣ የዩኒቨርሲቲው ስም እየተቀየረ ከዓመት ዓመት ይመለሳል። ተመራማሪዎቻችን ክሮስ ሴክሽናል በሚሉት ዘዴ መጠይቁ በአንድ ወቅት ይበተናል፣ ይሰበሰባል፣ ከመቶ ይህን ያህል ይቅማል ተብሎ ይዘጋል። እንዲህ ያለው ጥናት ቃሚው ጭንቀት ካለበት፣ ጭንቀቱ ከመቃሙ ይቅደም ወይም ይከተል መለየት አይችልም። «በሕይወትህ ቅመህ ታውቃለህ?» ብቻ ተብሎ ሲጠየቅም፣ ለፈተና ሰሞን አንድ ቀን የቀመሰውና በርጫው፣ ማለት የመቃሚያ ሰዓቱ፣ ካለፈበት ቀኑን ሙሉ ዱካክ (ጫት ሲቀር የሚመጣው ድብርትና ቅዠት) የሚያስጨንቀው ሰው በአንድ ቁጥር ውስጥ ይገባሉ። ስንት እስር፣ የጫቱ ዓይነት በለጬ ነው የአወዳይ፣ ለስንት ሰዓት፣ ከሲጋራና ከመጠጥ ጋር ነው ብቻውን የሚለው ካልተጠየቀ ከቁጥሩ ምን ይገኛል? ስርጭቱንማ እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከወንዶች 27 ከመቶ፣ ከሴቶች 12 ከመቶ ያህሉ ቅመው እንደሚያውቁ ነግሮናል።

ሲፈለግ ግን ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው የሐረር ጥናት የኢትዮጵያና የኖርዌይ ተመራማሪዎች በአንድነት የሠሩት ሲሆን፣ ሥር የሰደደ የጉበት በሽታ ያለባቸውን 150 ሕሙማን በሽታው ከሌለባቸው 300 ታካሚዎች ጋር አስተያይቶ፣ ጫት መቃም ከበሽታው ጋር እንደሚያያዝና ብዙ በቃመ ቁጥር አደጋው እንደሚጨምር አሳይቷል። የለንደኑ ምክር ቤት ስለ ጉበት ሲመረምር ይህ ጥናት በእጁ ቢኖር ኖሮ ክርክሩ ሌላ መልክ ይይዝ እንደነበር አልጠራጠርም። ምክሩን ይለውጠው ነበር አልልም፤ ቢያንስ «ማስረጃ የለም» ብቻ ተብሎ አይታለፍም ነበር።

የጤናው ጥናት እንዲህ ብልጭ ሲል፣ የፖሊሲው ግን ጨርሶ ጨልሟል። የጫት ቤትና የሺሻ ቤት ዘመቻ በየጊዜው ይታወጃል፣ ቤቶች ይታሸጋሉ፣ ሺሻው ተሰብስቦ በቴሌቪዥን ይታያል፤ ከዚያ በኋላ ቃሚው ተወ ወይስ ወደ መኖሪያ ቤት ገባ ብሎ የሚከታተል የለም። ጫት ላይ ኤክሳይዝ ታክስ ሲጣል ቃሚው ቀነሰ ወይስ ወጪው ከልጆቹ ጉሮሮ ተነጠቀ? ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለው የሐረርጌ ገበሬ ገበያው ቢዘጋበት በምን ይኖራል? እነዚህ ናቸው ሕግ አውጪው በእጁ ሊይዛቸው የሚገቡት።

የእህቴ ልጅ የማኅበረሰብ ጤና ማስተርሱን ሲማር ሊያጠና የተነሣው ከእነዚህ አንዱን ነበር፤ በትምህርት ቤቶች አካባቢ የነበሩ ጫት ቤቶች ሲዘጉ ተማሪዎቹ ምን እንደሆኑ። ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሄደ፣ ደብዳቤ አምጣ ተባለ። ከዩኒቨርሲቲው አጽፎ ወሰደ፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ። ኃላፊው በተገኙ ጊዜ ደግሞ መረጃው ለውስጥ አገልግሎት ብቻ ነው አሉት። የመመረቂያው ጊዜ እየደረሰ ሲሄድ አማካሪው ርዕሱን እንዲቀይር መከሩት፣ እሱም እንደ ቀደሙት ሁሉ መጠይቅ በትኖ ቃሚ ቆጠረ። ረቂቁን እንዳነብለት ሲልክልኝ ንዴቴን መቆጣጠር አቃተኝ፤ ልጁ ላይ ግን አልፈርድም።

እዚህ እንግሊዝ አገር ሰው መረጃ ሲጠይቅ የመንግሥት መሥሪያ ቤቱ በመሠረቱ በ20 የሥራ ቀናት ውስጥ መመለስ አለበት፤ ከከለከለም ምክንያቱን በጽሑፍ ይሰጣል። እኛም አገር መረጃ የመጠየቅ መብት በአዋጅ ቁጥር 590/2000 ተደንግጓል፤ ሕግ አጥተን አይደለም። ደግሞስ ልጁ የጠየቀው ምስጢር ወይም የሰው ስም አልነበረም፤ የተዘጉት ቤቶች ብዛት፣ የተዘጉበት ቀንና ወረዳቸው ብቻ ነበር።