ፕሮሰሰሩ ስንት ዲግሪ ደረሰ? መጀመሪያ የትኛው ሴንሰር እንደለካው ይጠየቅ

በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሦስት የሙቀት ማሳያ ፕሮግራሞች ቢከፈቱ አንዱ 41፣ ሌላው 58፣ ሦስተኛው 27.8 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊያሳዩ ይችላሉ። ብዙ ተጠቃሚ እዚህ ላይ ደስ ያሰኘውን ቁጥር ይዞ ይሄዳል፤ ወይም በትልቁ ደንግጦ አዲስ ማቀዝቀዣ ይገዛል። ሁለቱም አያዋጣም። ሦስቱ ቁጥሮች የመጡት ከሦስት የተለያዩ ቦታዎች ነው፤ እንዲያውም አንደኛው ከነጭራሹ ያልተለካ ሊሆን ይችላል። የሴንሰሩ ስም ያልተጻፈበት የሙቀት ቁጥር ለውሳኔ አይበቃም፤ ይህን ስም ከተጠቃሚው የሚደብቁ ፕሮግራሞችም ሰውን ላላስፈላጊ ወጪ እየዳረጉ ነው።

ከ27.8 እንጀምር። ዊንዶውስ ‹ተርማል ዞን› የሚባል መረጃ ከባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ ከሚሠራው መነሻ ፕሮግራም) ይቀበላል፤ ቀለል ብለው የተሠሩ ማሳያዎች የሚያነቡት እሱን ነው። ቁጥሩ የሚመጣው በኬልቪን አሥረኛ ነው፦ 3010 ማለት 301.0 ኬልቪን ሲሆን 273.15 ሲቀነስለት 27.85 ዲግሪ ይሆናል። በብዙ ዴስክቶፕ ማዘርቦርዶች (ክፍሎቹ በሚሰኩባቸው ዋና ሰሌዳዎች) ላይ ይህ ቦታ ባዶ እንዳይቀር ብቻ የተሞላ ቋሚ ቁጥር ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ፕሮሰሰሩን ለ5 ደቂቃ በከባድ ሥራ ማስጨነቅ። ቁጥሩ ንቅንቅ ካላለ ሴንሰር አይደለም።

ሁለተኛው ምንጭ ማዘርቦርዱ ነው። ፋኖችንና ቮልቴጅን የሚከታተል አንድ ቺፕ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ የኑቮቶን ወይም የአይቲኢ ምርት ነው። ቺፑ በርካታ የሙቀት መግቢያዎች ሲኖሩት አንዱ ከፕሮሰሰሩ ሶኬት አጠገብ ካለ ትንሽ ሴንሰር ጋር ሊያያዝ ይችላል። ይህ ንባብ ከፕሮሰሰሩ ውጭ ስለሚለካ ዝቅ ይላል፣ ዘግይቶም ይከተላል። የባሰው ግን ማዘርቦርድ ሠሪው ከምንም ጋር ያላገናኘው መግቢያ ነው። ሽቦ የሌለው መግቢያ ከዜሮ በታች 60 ወይም ከዜሮ በላይ 127 ዲግሪ እያለ ያሳያል፤ ፕሮግራሙም ‹ሲፒዩ› (ፕሮሰሰር) የሚል ስም ለጥፎበት ሰው ያስደነግጣል።

እውነተኛው መለኪያ ያለው በፕሮሰሰሩ ውስጥ፣ በየኮሩ (ሥራውን በሚሠራው እያንዳንዱ ክፍል) ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች የማያውቁት ነገር አለ፦ የኢንቴል ዲጂታል ሴንሰር ‹ስንት ዲግሪ ነኝ› አይልም፤ ‹ከገደቤ ስንት ዲግሪ ቀርቶኛል› ነው የሚለው። ገደቡ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን መቀነስ የሚጀምርበት ሙቀት፣ ቲጄ ማክስ ይባላል። ገደቡ 100 ሆኖ ሴንሰሩ 45 ቀረኝ ካለ፣ ፕሮግራሙ ቀንሶ 55 ይጽፋል። በኮር 2 ፕሮሰሰሮች ዘመን ፕሮግራሞች ገደቡን በእርግጠኝነት የሚያነቡበት መንገድ ስላልነበራቸው ይገምቱ ነበር፤ አንዱ 85 ሌላው 100 ብሎ ሲገምት ያው ፕሮሰሰር በ15 ዲግሪ የሚለያይ ንባብ ያወጣ ነበር። በ2008 ከወጣው የመጀመሪያው ኮር አይ7 ጀምሮ ገደቡ ራሱ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ተጽፎ ስለሚነበብ ይህ ችግር ተቃልሏል። አንድ ነገር ግን አልተለወጠም። ሴንሰሩ ይበልጥ የሚታመነው ገደቡ አካባቢ ነው፤ ከዚያ እየራቀ በሄደ ቁጥር ስህተቱ ይሰፋል። ስለዚህ ያለ ሥራ በተቀመጠ ኮምፒውተር ላይ ‹የኔ 30፣ ያንተ 35› የሚለው ክርክር ፍሬ የለውም። በእረፍት ጊዜ ሁለት ኮሮች በጥቂት ዲግሪ ቢለያዩም ብልሽት አይደለም።

በሌላው ፕሮሰሰር ሠሪ በኤኤምዲ በኩል ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ኩባንያው በአንዳንድ የራይዘን ሞዴሎች ላይ ፋኖች በአንድ ዓይነት ሥርዓት እንዲዞሩ ብሎ ለፋን መቆጣጠሪያ በሚሰጠው ንባብ ላይ ሆን ብሎ ዲግሪ ጨምሯል፤ በ1700ኤክስና በ1800ኤክስ 20፣ በ2700ኤክስ 10፣ በመጀመሪያው ትውልድ ትሬድሪፐር 27። በ1800ኤክስ ላይ 85 የሚል ንባብ እውነተኛው ሙቀት 65 ነው ማለት ነው። ‹ቲሲቲኤል› የሚለው ስም የተጨመረበትን፣ ‹ቲዳይ› የሚለው የተቀነሰለትን ያመለክታል። ከዚያ በፊት በነበሩት ኤፍኤክስ ፕሮሰሰሮች ላይ ደግሞ ስህተቱ ወደ ታች ነበር፦ ክፍሉ 22 ዲግሪ ሆኖ ፕሮሰሰሩ 15 ያሳያል። በአየር የሚቀዘቅዝ ዕቃ ከከበበው አየር በታች ሊቀዘቅዝ አይችልም፤ እንዲህ ያለ ቁጥር የማቀዝቀዣው ብቃት ሳይሆን የንባቡ ስህተት ነው።

ታዲያ እንዴት ይለካ? የሴንሰሮቹን ስም ለያይቶ የሚያሳይ አንድ ፕሮግራም ይመረጥ፤ በዊንዶውስ ኤችደብሊው ኢንፎ ወይም ሊብሬ ሃርድዌር ሞኒተር ይበቃል። በሊኑክስ ኮርቴምፕ የሚባለው ሞጁል ኢንቴልን፣ ኬ10ቴምፕ ደግሞ ኤኤምዲን ያነባል፤ ሞጁሉ ንባቡን በሚያሳይበት ፋይል ውስጥ በዲግሪ ሺህኛ 47250 ተብሎ የሚገኘው 47.25 ዲግሪ ነው። ከተመረጠው በቀር ሌሎቹ ማሳያዎች ሁሉ ይዘጉ፣ የማዘርቦርዱና የመብራት ማስዋቢያው ፕሮግራም ሳይቀር። ሁለት ፕሮግራሞች የማዘርቦርዱን ቺፕ በአንድ ጊዜ ሲጠይቁ መልሱ ይደባለቅና ለአንድ አፍታ ብቅ ብለው የሚጠፉ የማይታመኑ ቁጥሮች ይመዘገባሉ። ንባቡ በየ2 ሰከንዱ ይሁን። በየ100 ሚሊሰከንዱ ማንበብ የተኙትን ኮሮች እየቀሰቀሰ፣ ሊለካ የመጣውን ሙቀት ራሱ ይጨምራል።

ከዚያ ክፍሉ ይለካ። ተራ ቴርሞሜትር አየር ወደ ኮምፒውተሩ ከሚገባበት ፊት ለፊት ይቀመጥ፤ ይህ ቁጥር ከሌለ የዛሬውን ልኬት ከወር በኋላ ካለው ጋር ማወዳደር አይቻልም። ክፍሉ በ10 ዲግሪ ሲሞቅ፣ ኃይሉና የፋኑ ፍጥነት ካልተለወጡ፣ ፕሮሰሰሩም ወደ 10 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። ኮምፒውተሩ ሌሊቱን ጠፍቶ አድሮ ሲነሳ የመጀመሪያዎቹ ንባቦች ከክፍሉ ትንሽ ከፍ ያሉ መሆን አለባቸው፤ ከክፍሉ በታች የወረደ ካለ ያ ሴንሰር ከዝርዝሩ ይሰረዝ። በባዮስ ውስጥ የሚታየው ሙቀት ከዊንዶውስ ወይም ከሊኑክስ ቢበልጥ አይደንቅም፤ ባዮስ ውስጥ ኮሮቹ እንቅልፍ ስለማይወስዳቸው ነው።

ዋናው ፈተና በጭነት ላይ ነው። ሲኒቤንች የተባለውን የፍጥነት መፈተኛ ደጋግሞ ማስኬድ የተለመደውን ከባድ ሥራ ይወክላል፤ ፕራይም95 የተባለው ማስጨነቂያ ‹ትንሹ ኤፍኤፍቲ› በሚለው ምርጫው ግን ከዕለት ሥራ እጅግ የከበደ ስለሆነ ውጤቱ እንደ ዕለታዊ ሙቀት መታየት የለበትም። ለአየር ማቀዝቀዣ 15 ደቂቃ፣ ለፈሳሽ ማቀዝቀዣ 30 ደቂቃ ይሰጠው፤ ፈሳሹ ራሱ እስኪሞቅ ጊዜ ይወስዳል። አብረው የሚመዘገቡት የፓኬጁ (የጠቅላላው ፕሮሰሰር) ሙቀት፣ የፕሮሰሰሩ ዋት፣ የኮሮቹ ፍጥነትና የፋኑ ዙር ናቸው። ዋቱ ለምን? በ65 ዋት 85 ዲግሪ የደረሰ ፕሮሰሰር ማቀዝቀዣው ይመርመር፤ በ220 ዋት እዚያው የደረሰ ግን ማቀዝቀዣው ጠንክሮ እየሠራ ነው።

የሙቀቱ አካሄድ ደግሞ ከመጠኑ በላይ ይናገራል። ጭነቱ በተጀመረ በአንድ ሁለት ሰከንድ ውስጥ በመጠነኛ ዋት ገደቡን የሚመታ ከሆነ ሙቀቱ ወደ ማቀዝቀዣው እየተላለፈ አይደለም፦ ከማቀዝቀዣው ሥር ያልተላጠ ፕላስቲክ፣ የደረቀ ወይም ያልተዳረሰ ተርማል ፔስት (በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ)፣ በአንድ ወገን ብቻ የጠበቁ ብሎኖች፣ ያልተነሳ የፈሳሽ ፓምፕ። ሲፈታ አሮጌው ፔስት በአይሶፕሮፒል አልኮል ተጠርጎ አዲስ የአተር ፍሬ ያህል ይደረግና ብሎኖቹ በሰያፍ እያፈራረቁ ጥቂት ጥቂት ይጥበቁ። በደቂቃዎች ውስጥ ቀስ እያለ የሚወጣ ሙቀት ግን የአየር ዝውውር ጉዳይ ነው፤ አቧራ የዘጋው ማጣሪያ ወይም ሞቃቱን አየር የማያስወጣ ሳጥን። ማቀዝቀዣውን በኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር መለካት ሁለቱንም አይለይም፤ የሚያብረቀርቅ ብረት ለዚያ መሣሪያ ከእውነቱ የቀዘቀዘ ይመስለዋል።

ገደቡም በየሞዴሉ ይለያያል። የራይዘን 7000 ተከታታይ በአብዛኛው 95 ነው፤ 7800ኤክስ3ዲ 89፣ የ13ኛው ትውልድ ኢንቴል ዴስክቶፕ 100። 7950ኤክስ በሙሉ ጭነት 95 ላይ ቢቆም ታስቦ የተሠራበት ነው፤ እዚያ ላይ ተቀምጦ ፍጥነቱ በሳጥኑ ላይ ከተጻፈው መነሻ በታች ካልወረደ የሚያስፈራ ነገር የለም። ስለዚህ መታየት ያለበት ለገደቡ የቀረው ርቀትና ‹ተርማል ትሮትሊንግ› (ከሙቀት የተነሳ ፍጥነት መቀነስ) የሚለው መስመር ነው።

ፕሮግራም ሠሪዎችና ማዘርቦርድ አምራቾች አሁኑኑ ሊያስተካክሉት የሚችሉት ነገር አለ፦ ከአንዱ ትልቅ ቁጥር አጠገብ የሴንሰሩን ስምና የቀረውን ርቀት መጻፍ፣ ያልተገናኘውን መግቢያ ‹አልተገናኘም› ብሎ ማሳየት። እስከዚያ ድረስ ምክር የሚጠይቅ ሰው የፕሮሰሰሩን ሞዴል፣ የሴንሰሩን ስም፣ የክፍሉን ሙቀት፣ ዋቱንና ጭነቱ የቆየበትን ደቂቃ አብሮ ይጻፍ፤ መላሹም እነዚህን ሳይጠይቅ ‹ማቀዝቀዣ ቀይር› አይበል።