ጥናቱ ደርሷል፣ ተራራው ሄዷል

ሰሞኑን አንድ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ሰነድ እጄ ገባ። የድንጋይ ከሰል «ሊወጣበት በታሰበ» መሬት ላይ የተሠራ ጥናት ነው ይላል። ሰነዱ በተፈረመበት ዕለት ግን ከሰሉ ሲኖትራክ ላይ ተጭኖ የሲሚንቶ ፋብሪካ በር ላይ ወረፋ ይዞ ነበር። መቼም ይህን ዓይነት ታሪክ አልሰማሁም የሚል የለም። የእናንተ አካባቢ ከሰል ባይኖረው አሸዋ ይኖረዋል፣ አሸዋ ባይኖረው ጥቁር ድንጋይ አያጣም። ስለዚህ ማስረዳቱን ትቼ በቀጥታ ወደ ምስጋናው ልግባ።

አዎ፣ ምስጋና። እስከ ዛሬ እነዚህን ቆፍረው የሚያጠኑ ሰዎች በከንቱ ስናማ ኖረናል። «መጀመሪያ አጥኑ፣ ከዚያ ቆፍሩ» እያልን። ያልተቆፈረ መሬት ላይ የሚሠራ ጥናት እኮ ግምት ነው። ዛፉ ቢቆረጥ ምን ይሆናል? አይታወቅም። ምንጩስ ይደርቃል ወይ? እሱም አይታወቅም። ቆፍረህ ካጠናህ ግን ሁሉም ነገር ፊትህ ነው። ዛፉ የለም፣ ምንጩም የለም፣ ጻፍ። ከዚህ የበለጠ በማስረጃ የተደገፈ ጥናት ከየት ይመጣል? «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ብሎ የተረተው ሰው ውሻውን አልተረዳውም። ውሻው መረጃ እያጠናከረ ነበር።

ሕጉ እንዲህ አይልም የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፣ አይልም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299፣ ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት የሚመለከተው የአካባቢ መሥሪያ ቤት ሳይፈቅድ እንዳይጀመር ይከለክላል። ፈቃድ ሰጪውም ይህ መሟላቱን አስቀድሞ እንዲያረጋግጥ ያዛል። ሕገ መንግሥቱ ደግሞ አንቀጽ 40 ላይ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። አንቀጽ 92 ላይ ሕዝብ በቀጥታ የሚነካው ፕሮጀክት ሲታቀድም ሲፈጸምም ሐሳቡን የመግለጽ መብት አለው ይላል። ሲነበብ እንዴት ያምራል! ግን እነዚህን ያረቀቁ ሰዎች ስካቫተር በሰዓት እንደሚከራይ ማን በነገራቸው። በሰዓት የሚከፈልበት ማሽን ቆሞ ጥናት ይጠብቅ?

ቅጣትም አለው። ሳይፈቀድለት የጀመረ ወይም በጥናቱ ውስጥ ሐሰት ያቀረበ ሰው ከ50 ሺህ እስከ 100 ሺህ ብር እንዲቀጣ አዋጁ ደንግጓል። በ1995 ይህ ገንዘብ ያስደነግጥ ነበር። ዛሬ ከፍተኛው ቅጣት የአንድ ሲኖትራክ ጎማ ሙሉውን አይቀይርም። ባለሀብቱ ይህን ቅጣት ቢፈራ እኔ ነኝ የማዝንለት።

ደግሞ ለጥናቱ የሚከፍለው ማን መሰላችሁ? መቆፈር የሚፈልገው ሰው ራሱ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ጥናቱን የሚሠራው አማካሪ ከባለሀብቱ ብር ይቀበላል፣ ከዚያ የባለሀብቱ ሥራ አካባቢውን ይጎዳ እንደሆነ ያለ አድልዎ ይመረምራል። ውጤቱን ሁላችንም በጉጉት እንጠብቃለን። እስካሁን «ይህ መሬት መነካት የለበትም» ብሎ የጻፈ አማካሪ ካለ ሁለተኛ ሥራ ያገኘ አይመስለኝም።

ወደ ሰነዱ ልመለስ። 180 ገጽ ነው። በስፒራል ተጠርዟል። ሽፋኑ ላይ ሁለት እጆች አንዲት ለጋ ችግኝ ታቅፈው ይታያሉ። አርሶ አደሩ በደንብ እንዲረዳው በእንግሊዝኛ ተጽፏል። እያነበብኩ ገጽ 41 ላይ ስደርስ ጉማሬ አገኘሁ።

ጉማሬ። ቦታው ደጋ ነው። ገብስና ባቄላ የሚዘራበት፣ ጥር ሲገባ ጅረቱ ደርቆ ሴቶች ጄሪካን አዝለው ቁልቁል የሚወርዱበት ደጋ። የጉማሬ ሰኮና የሚያርስ ውሃ የለውም። ሰነዱ ግን «በፕሮጀክቱ ክልል የሚገኘው የጉማሬ መንጋ» ይላል፣ ኮራ ብሎ። ነገሩ ግልጽ ነው። ቀደም ሲል ለአንድ ሐይቅ ዳር ፕሮጀክት የተጻፈ ጥናት ነበረ። የወረዳው ስም ተቀየረ፣ የባለሀብቱ ስም ተቀየረ፣ ጉማሬውን ግን የሚያስታውሰው ጠፋ። በፍላሽ ተጭኖ ደጋ ወጣ።

ሌላ ሰው እዚህ ላይ ስቆ ያልፋል። እኔ ግን ተከተልኩት። ገጽ 58 ላይ ጉማሬው ሌሊት ሌሊት እየወጣ ሣር ስለሚግጥ ከመሸ በኋላ ድማሚት እንዳይፈነዳ ተወስኗል። ስለዚህ ፍንዳታው ሁሉ ወደ ቀን ዞረ። ቀን ቀን ደግሞ ከጉድጓዱ ከፍ ብሎ ባለው ትምህርት ቤት ልጆች ይማራሉ። ትምህርት ቤቱ በሰነዱ ውስጥ የለም፤ ምን ያድርጉት፣ ጉማሬ አይደለም። ገጽ 73 ላይ ሠራተኛው ድንገት ጉማሬ ቢያጋጥመው ምን ማድረግ እንዳለበት የግንዛቤ ማስጨበጫ ሥልጠና ተይዟል፣ ሻይ ቡናና አበል ተመድቦለት። ገጽ 90 ላይ የፕሮጀክቱ አጥር መንጋውን እንዳያግድ መተላለፊያ ይተውለት ይላል። የሰፈሩ ከብት በዚያ መተላለፊያ ማለፍ ይችል እንደሆነ ፈለግሁ። አልተጻፈም።

እስካሁን ያደነቅነው አማካሪውን ነው። ሰነዱን የሚመረምረው የአካባቢ መሥሪያ ቤቱ ገምጋሚ ይበልጣል። አዋጁ ለገምጋሚ የሚሰጠው 15 የሥራ ቀን ነው፤ በዚያ ጊዜ 180 ገጽ ማንበብ ቀላል አይደለም። «ገምጋሚ አያነብም» የምትሉ ሁሉ እዚህ ላይ አፋችሁን ያዙ። አንብቧል! አስተያየቱ ከሰነዱ ጀርባ ተያይዟል። «የጉማሬው ጉዳይ ተጠናክሮ ይቅረብ» ይላል።

ተጠናክሮ ቀረበ። በተሻሻለው ሰነድ ውስጥ ለጉማሬው ሁለት ገጽ ተጨምሮለታል፣ ከነፎቶው። አፉን ከፍቷል። ከኋላው ሐይቅ ይታያል፣ ሐይቁ ላይ ጀልባ አለ፣ ጀልባው ላይ ጃኬት የለበሰ ቱሪስት ቆሟል። ደጋው ላይ መሆኑ ነው። ሰነዱ ጸደቀ፣ ማኅተም ተመታበት።

ገና አላለቀም። ሥራው ከተጀመረ፣ ይቅርታ፣ ሥራው መጀመሩ ከታመነ በኋላ የሩብ ዓመት የክትትል ሪፖርት ወጣ። «በሩብ ዓመቱ በጉማሬዎች ላይ የደረሰ ጉዳት የለም። አፈጻጸም፦ መቶ በመቶ።» እውነት ነው እኮ! አንድም ጉማሬ አልተነካም። በዚህ አገር እንደዚህ እንስሳ የተጠበቀ እንስሳ አለ ብዬ አላምንም። ጫሞ ሐይቅ ውስጥ ያሉት እውነተኞቹ ዘመዶቹ ቢሰሙ ወደ ደጋ ለመዛወር ማመልከቻ ያስገቡ ነበር። በሚቀጥለው በጀት ዓመት ጉማሬው ወልዶ ቁጥሩ በ10 በመቶ ጨመረ የሚል ሪፖርት ካልመጣ ከምላሴ ፀጉር ይነቀል።

አሁን ቀልዱን ላቁም። በዚያ 180 ገጽ ውስጥ የሰፈሩ ምንጭ አንድ ጊዜ እንኳ አልተጠቀሰም። አንድ ጊዜ! ከድንጋይ ከሰል ጋር አብሮ የሚገኘው ብረትና ድኝ ያለበት ማዕድን ተቆፍሮ አየርና ውሃ ሲያገኘው አሲድ ያወጣል። ይህ ምስጢር አይደለም፤ ማዕድን የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። ውሃው የዛገ ቆርቆሮ ይመስላል። ዓሣ ይገድላል። ጉድጓዱ ሥራ ካቆመ በኋላ እንኳ ለአሥርት ዓመታት ሊፈስ ይችላል። አማካሪው ያንን ውሃ አይጠጣም። ገምጋሚው አይጠጣም። የሚጠጡት ጄሪካን ያዘሉት ሴቶችና ልጆቻቸው ናቸው። ሳይደፈን የተተወ ጉድጓድ ደግሞ ክረምት ሲገባ ውሃ ይሞላል። ጥጃ ይገባበታል፣ ጥጃውን ሊያወጣ ልጅ ይገባበታል። ይህ ሁሉ እየታወቀ የሌለ ጉማሬ ቁጭ ብሎ የሚጽፍ፣ አንብቦም «ይጠናከር» የሚል ሰው ማታ ቤቱ ገብቶ ልጁን እንዴት ይስማል? የተማርነው ለዚህ ነው?

እሺ። ወደ ምስጋናዬ።

ከሁሉም የምወደው «እኛ ባናወጣው ከደቡብ አፍሪካ በዶላር ይገባል» የሚለውን ክርክር ነው። ዶላሩ እውነት ነው፤ የሲሚንቶ ፋብሪካዎቻችን ከሰል ከውጭ ሲያስመጡ ኖረዋል፣ ምንዛሪውም የት እንደሚገኝ እናውቃለን። ግን አንድ ምንጭ በሰነድ ላይ ለመጥቀስ ስንት ዶላር ያስፈልጋል? ይህ አልገባኝም።

ደግሞ ይህን ክርክር እኛ ብቻ የፈጠርነው እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ዋዮሚንግ ውስጥ፣ ፓውደር ሪቨር በሚባለው ተፋሰስ፣ ወደ 2 ቢሊዮን ቶን የሚጠጋ የድንጋይ ከሰል በፌዴራል መሬት ላይ በሊዝ ሊሰጥ ተጠንቶ ነበር። የጥናቱ መልስ፦ እኛ ባንሰጠው ሌሎች ከሌላ ቦታ ቆፍረው ያነዱታል፣ ስለዚህ ለአየሩ ያው ነው። እኔ ባልሰርቀው ሌላ ይሰርቀዋል ብሎ ፍርድ ቤት የሚከራከር ሌባ እስካሁን አልሰማሁም፣ እነሱ ግን ደፈሩ። ዴንቨር ያለው የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2017 እ.ኤ.አ. ክርክሩ ምክንያታዊነት የለውም ብሎ መለሰው። እነዚያ ዳኞች ጨዋታ አያውቁም። በ2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ እዚያው አገር ከሰልን ጨምሮ ለኃይል ፕሮጀክቶች አነስተኛው የአካባቢ ጥናት በ14 ቀን፣ ትልቁ በ28 ቀን እንዲያልቅ መንገድ ተከፈተ። ሃያ ስምንት ቀን ምን ይሠሩበታል? እኛ ዘንድ ለኮፒ ፔስት አንድ ከሰዓት በቂ ነው። ይምጡና ልምድ ይቅሰሙ፣ አበሉ ከእነሱ ይሁን እንጂ።

ያዩንም ሳላነሳ አላልፍም። ኢሉባቦር ውስጥ ነው። ዓለም በሙሉ የሚጠጣው የአረቢካ ቡና በዱር የሚበቅልበት ደን ነው፤ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ተመዘገበ። እዚያው ያዩ ደግሞ ከሰል አለ። ከሰሉን የሚጠቀም የማዳበሪያ ፋብሪካ ተባለ፣ ተጀመረ፣ ተዘመረለት። ማዳበሪያ ሳያወጣ ዓመታት አለፉ። ቡናው ያውቃል ምን እንዳለፈ። እኔ ብጽፈው ጽሑፉ ሌላ ይሆናል።

ስለ ሕዝብ ምክክሩ ካልተናገርኩ ግን ግፍ ይሆንብኛል። ቃለ ጉባኤው በሰነዱ መጨረሻ አለ። ስብሰባው የተደረገው ከዋርካ ሥር ነው። ባነር ተሰቅሏል፣ የታሸገ ውሃ ለመድረኩ ብቻ ቀርቧል። የመገኘት ፊርማ የተሰበሰበበት ወረቀት ራስጌው ላይ «በፕሮጀክቱ የተስማማን ነዋሪዎች» የሚል ነገር ተጽፎበታል፤ ራስጌው የገባው ከፊርማው በፊት ይሁን በኋላ እግዜር ይወቀው። ወረቀቱ ላይ ብዙ አውራ ጣት አለ፣ ቀለሙ ሰማያዊ።

እዚያ የነበረ ሰው እንደነገረኝ አንድ አዛውንት ተነሱ። «ልጄ፣ ያንን ጉድጓድ ማነው የሚደፍነው?» አሉ። በከዘራቸው አመለከቱት፤ ስካቫተሩ ውስጡ ሆኖ እየሠራ ነበር። መድረክ ላይ የነበረው ወጣት ተነስቶ «አባቴ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ተይዟል» አለ። እሳቸውም ተቀመጡ።

ቃለ ጉባኤውን ገልጬ ፈለግሁት። እውነትም ተይዟል። እንዲህ ይላል፦ «አንድ አባት ስለ ጉድጓዱ ሰፊ አስተያየት የሰጡ ሲሆን፣ ሥራው ያለ ምንም መዘግየት እንዲጀመር አሳስበዋል።»