ሰባ አምስት ዓመት በሁለት ቀን

ከቺካጎ መሃል ከተማ ውጭ ባሉ አብዛኞቹ ሰፈሮች እሑድ መኪና ለማቆም አይከፈልም። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ብሮድዌይ ጎዳና ላይ ወዳሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ለምሳ ብቅ ለሚለው ወገናችን ትንሽ እፎይታ ናት። ይህችን እፎይታ ለማግኘት ግን ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2013 ከአንድ የግል ኩባንያ ጋር መደራደር ነበረባት። በምትኩም በሌሎቹ ቀናት የምሽቱን የክፍያ ሰዓት አስረዘመች። አንድ ከተማ በገዛ መንገዱ ላይ ለገዛ ነዋሪው እሑድን ለመስጠት ፈቃድ የሚለምነው ለምንድን ነው?

መልሱ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2008 በተሰጠ ድምፅ ውስጥ አለ። ከንቲባ ሪቻርድ ኤም. ዴሊ በጀታቸው ጎድሎ ነበርና 36 ሺህ ገደማ የመንገድ ዳር ማቆሚያዎችን ገቢ ለዚሁ ኩባንያ ለ75 ዓመት በ1.15 ቢሊዮን ዶላር ለማከራየት መስማማታቸውን አስታወቁ። ከሁለት ቀን በኋላ የከተማው ምክር ቤት 40 ለ5 በሆነ ድምፅ አጸደቀው። የልጅ ልጅ የሚወርሰው ውል፣ አንድ ቤተሰብ ያገለገለ መኪና ለመግዛት ከሚመካከርበት ባነሰ ጊዜ አለፈ።

በቀጣዩ ዓመት የከተማዋ ዋና ኢንስፔክተር ሰነዱን መርምሮ ከተማዋ ማግኘት ከሚገባት ወደ 974 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ማጣቷን ገለጸ። በብዙ ሰፈሮች በሰዓት 25 ሳንቲም የነበረው ክፍያ ወደ አንድ ዶላር ወጣ። በመሃል ከተማው በ2013 ስድስት ዶላር ተኩል ደረሰ። የተገኘው ገንዘብ አብዛኛው በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ ለበጀት ጉድለት ዋለ። ውሉ ግን እስከ 2083 ይዘልቃል።

እኔን ከዋጋው ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ከተማዋ መንገድ ለጥገና ወይም ለበዓል ስትዘጋ፣ ለአውቶቡስ ወይም ለብስክሌት መስመር ማቆሚያ ስታነሳ፣ ውሉ ከፈቀደው መጠን ካለፈ ለኩባንያው ካሳ ትከፍላለች። ስለዚህ የተሸጠው የመክፈያ ማሽኖቹ ገቢ ብቻ አይደለም። ገና ያልተወለዱ ሰዎች መንገዳቸውን እንደፈለጉ የማደራጀት ሥልጣንም አብሮ ሄዷል። እንዲህ ያለውን ሥልጣን ማንም ከንቲባ፣ የቱንም ያህል ቢቸገር፣ አሳልፎ መስጠት የለበትም።

ያው ከተማ ከአምስት ዓመት በኋላ ሚድዌይ አውሮፕላን ማረፊያን ለማከራየት ሲሞክር የውሉን ጊዜ ከ40 ዓመት በታች አደረገ። በመጨረሻ አንድ ተጫራች ብቻ ሲቀር ደግሞ ከንቲባ ራም ኢማኑኤል ጨረታውን ተዉት። ደግ አደረጉ። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ጥንቃቄ በአንድ ሰው መልካም ውሳኔ ላይ ሳይሆን በሕግ ላይ መቆም አለበት።

የእኛም አገር ሕግ እዚህ ላይ የሚናገረው አለው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 በመጀመሪያው ዙር ከሦስት ያነሱ ተጫራቾች ከቀረቡ ጨረታው እንዲሰረዝ ደነገገ። ይህ ጥሩ ድንጋጌ ነው። ነገር ግን ያው አዋጅ ቦታ ያለ ጨረታ በምደባ የሚሰጥበትን በርም ከፍቷል፤ ልዩ አገራዊ ፋይዳ አላቸው የተባሉ ፕሮጀክቶች በካቢኔ ውሳኔ በዚያ በር እንዲያልፉ ፈቅዷል። ሆስፒታልም ትምህርት ቤትም ቦታ ያስፈልገዋልና በሩ ይዘጋ አልልም። በዚያ በር የሚያልፈው ሁሉ ግን የሚታይ ይሁን።

የአዲስ አበባን ጎዳና አስቡት። በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች መኪና እያስጠጉ ቲኬቱን ከዝናብ መጥረጊያው ሥር ይሰካሉ፤ እንጀራቸው ነው። ነገ አንድ ባለሀብት በዘመናዊ ማሽን ልተካቸው፣ ለብዙ ዓመት ስጡኝ ብሎ ጥያቄ ቢያቀርብ፣ ከመፈረሙ በፊት ምን ሊሆን ይገባል? ከሻጩም ከገዢውም ነጻ የሆነ ባለሙያ ዋጋውን ይገምት። ግምቱና ሙሉው ውል ከምክር ቤቱ ድምፅ ቢያንስ ሦስት ወር አስቀድሞ ይውጣ። ዘመኑም ማሽኑ ከሚያገለግልበት ዕድሜ አይለፍ። ውሉ ደግሞ በድረ ገጽ ብቻ ሳይሆን ወጣቶቹም ቆመው እንዲያነቡት በየወረዳው ሰሌዳ ላይ በአማርኛ ይለጠፍ።