ማስተካከያ፦ «ከርነል-ፓወር 41» ማለት ቻርጀሩ ተበላሽቷል ማለት አይደለም

ጌሚንግ ላፕቶፕ ድንገት ሪስታርት ሲያደርግ ምን ይደረግ በሚለው ያለፈው ጽሑፍ፣ ኢቨንት ቪውወር (ዊንዶውስ የገጠመውን ሁሉ የሚመዘግብበት ፕሮግራም) ላይ «ከርነል-ፓወር 41» ካያችሁ ቻርጀር ቀይሩ ተብሎ ነበር። ይህ ትክክል አይደለም። ቻርጀር ልትገዙ የተነሳችሁ ካላችሁ ትንሽ ታገሡ። ዋጋው ቀላል አይደለም።

41 የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዊንዶውስ በወጉ ሳይዘጋ እንደገና መነሳቱን። ለምን እንደሆነ አይናገርም። ማብሪያ ማጥፊያውን ተጭናችሁ ይዛችሁ በግድ ብታጠፉትም ይኸው 41 ይመዘገባል።

ቁም ነገሩ ያለው 41 የሚለውን መዝገብ ስትከፍቱ በሚታየው «ዲቴይልስ» ውስጥ ነው። እዚያ «በግቼክኮድ» ከሚለው ጎን ያለውን ቁጥር እዩ። ከ0 ውጪ ከሆነ ሰማያዊ ስክሪን (ዊንዶውስ በከባድ ስሕተት ሲቆም የሚያሳየው) ነበር ማለት ነው፤ እናንተ ባታዩትም። ለምሳሌ 278 ከሆነ ጣጣው ከግራፊክስ ጋር የተያያዘ ነው። ቻርጀር ከመግዛት በፊት የግራፊክስ ድራይቨሩን (ዊንዶውስን ከግራፊክስ ካርዱ ጋር የሚያገናኘውን ሶፍትዌር) አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን ይቀድማል፤ በነፃ ነው።

0 ከሆነ ግን ኃይል፣ ሙቀትና ራም ይጠረጠራሉ። ያኔም ቢሆን መጀመሪያ የቻርጀሩን ዋት አንብቡ። 230 ዋት የሚፈልግ ላፕቶፕ በ100 ዋት ዩኤስቢ-ሲ ቻርጀር ከባድ ጌም ሲጫወት ከባትሪው መበደሩ አይቀርም።

ባለፈው ጽሑፍ ፋን ስለማጽዳት የተባለው እንዳለ ነው። አንድ የተዘለለ ነገር ግን አለ፦ «ስታርትአፕ ኤንድ ሪከቨሪ» በሚለው የዊንዶውስ ሴቲንግ ውስጥ «አውቶማቲካሊ ሪስታርት» የሚለውን ምልክት አንሱ። ሰማያዊው ስክሪን ስሕተቱን እስክታነቡ ይቆይላችኋል።