የድሬ ሹፌር ርካሹን ዘይት ለምን አይተውም?

በየስልኩ የሚዘዋወሩት የመኪና ምክሮች አንድ ነገር ይደጋግማሉ። መደበኛውን የሞተር ዘይት ተዉት፣ ሲንተቲክ ግዙ፣ ርካሽ ዘይት ሞተር ይገድላል ይላሉ። ሹፌሩ ካልሰማ ደግሞ ስለማያውቅ ነው ይባላል። ይህ አነጋገር ያናድደኛል። ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር ጥላ ይዞ ተሳፋሪ የሚጠብቅ የባጃጅ ሹፌር ስለ ሞተሩ ጠይቁት። ዘይቱን ለምን እንደመረጠው በደንብ ያስረዳችኋል። እኔ እሱ ትክክል ነው ባይ ነኝ።

የምናወራው ከድፍድፍ ነዳጅ ተጣርቶ ስለሚወጣው ተራ ዘይት ነው። ለቤንዚን መኪናና ለባጃጅ አብዛኛው ሰው የሚያዘው 20ደብሊው-50 ነው፤ ለናፍጣ መኪና 15ደብሊው-40። ሲንተቲኩ በፋብሪካ ብዙ ሂደት ያለፈ ነው። ዋጋውም ብዙ ጊዜ ከእጥፍ በላይ ይሆናል።

እስቲ ጋለኑ ላይ ያሉትን ቁጥሮች እንያቸው። የፊተኛው ቁጥር ዘይቱ ብርድ ላይ እንዴት እንደሚሆን ይናገራል። 20ደብሊው የሚባለው ዘይት ሞተር ሲነሳ ያለው ውፍረት የሚፈተነው ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ላይ ነው። 0ደብሊው የሚባለው ከዜሮ በታች 35 ዲግሪ ላይ ይፈተናል። የሲንተቲክ አንዱ ትልቅ ብቃት ይሄ ነው፤ በረዶ ውስጥ ያደረ ሞተር ጠዋት ሲነሳ ቶሎ ይደርስለታል። ድሬ ውስጥ ግን ሞተር በረዶ ላይ አያድርም። ግንቦትና ሰኔ ላይ ከ35 ዲግሪ በላይ በሚወጣ ከተማ ሹፌሩ ለብርድ ብቃት ገንዘብ አልከፍልም ቢል ምን ይፈረድበታል?

እኛን የሚመለከተን የኋለኛው ቁጥር ነው። እሱ የሚለካው 100 ዲግሪ ላይ፣ ሞተሩ በደንብ ሲግል ነው። በመለኪያው ባለ 30 ዘይት ከ9.3 እስከ 12.5 ሴንቲስቶክስ (የዘይት ውፍረት መለኪያ) ይሆናል። ባለ 50 ከ16.3 ይጀምራል። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። ብዙ የሠራ ሞተር ውስጥ ብረትና ብረት መሃል ያለው ክፍተት ሰፍቷል። ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ሳስቷል። ቀጭን ዘይት ሲገባበት ግፊቱ ይወርዳል። ፀሐይ ላይ፣ ትራፊክ ውስጥ፣ ሞተሩ ዝም ብሎ ሲዞር የዘይት መብራቷ ብልጭ ማለት ትጀምራለች። ከኋላ ሰማያዊ ጭስ ይከተላል። ወፍራሙ ዘይት ያንን ክፍተት ይይዛል። መካኒኮቻችን ይህን ሲንተቲክ የሚባል ነገር ሳይመጣ በፊት ያውቁታል። ድሬ በ1902 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከባቡር ጋር የተቆረቆረች ከተማ ናት። የምድር ባቡሩ ዋና የጥገና ቦታም እዚሁ ነበር። እዚህ ስለ ብረትና ስለ ቅባት ማውራት የቆየ ባህል ነው።

ወደ ሐረር ውጡና ፔጆ 404ቱን ተመልከቱ። ፔጆ ይህን መኪና ማምረት የጀመረው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1960 ነው፤ ፈረንሳይ ውስጥ ያቆመው ደግሞ በ1975። ሐረር ላይ እስከ ቅርብ ዓመታት ታክሲ ሆኖ ሲሠራ አይተነዋል። ይህ ሞተር ሲነደፍ ሲንተቲክ ዘይት ለተራ ሹፌር ገበያ ላይ አልነበረም። በተራ ዘይት እንዲሠራ ታስቦ የተሠራ ሞተር በተራ ዘይት ይህን ያህል ዘመን ኖረ። ርካሽ ዘይት ሞተር ይገድላል የሚለው ሰው ለዚህ መልስ ሊኖረው ይገባል።

ባጃጁ ደግሞ የራሱ ጉዳይ አለው። ባለ አራት ምት የባጃጅ ሞተር ውስጥ ዘይቱ ሞተሩን ብቻ አያገለግልም። ሞተሩን ከማርሹ ጋር የሚያገናኘው ፍሪሲዮንም እዚያው ዘይት ውስጥ ነው የሚሠራው። ለዘመናዊ መኪና የተዘጋጁ አንዳንድ ቀጫጭን ዘይቶች ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል መንሸራተት የሚጨምር ቅመም አላቸው። ለመኪናው ጥሩ ነው። ፍሪሲዮኑ ዘይት ውስጥ ለሆነው ባጃጅ ግን ጥሩ አይደለም። ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል፤ ሞተሩ ይጮሃል፣ ባጃጁ አይሄድም። ስለዚህ የባጃጅ ሹፌር ጋለኑ ላይ ጃሶ ኤምኤ የሚል ጽሑፍ ቢፈልግ ይሻለዋል፤ ዘይት ውስጥ ለሚሠራ ፍሪሲዮን የሚስማማ ዘይት ምልክት ነው። ውድ የመኪና ዘይት ገዝቶ ከሚጨምር፣ ይህ ምልክት ያለውን ርካሽ 20ደብሊው-50 ቢጨምር በብዙ እጥፍ ይጠቀማል።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ዋናው ነገር ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

የሲንተቲክ ጠበቆች ሒሳብ ይሠራሉ። ዋጋው እጥፍ ቢሆንም እጥፍ ይቆያል ይላሉ። ተራው ዘይት 5,000 ኪሎ ሜትር ላይ ከተቀየረ ሲንተቲኩ 10,000 ይሄዳል፣ ያው ነው ይላሉ። ሒሳቡ የሚሠራው ግን ሞተሩ ጤነኛ ሲሆን ነው። ዘይት የሚበላ ሞተር ውድ ዘይትም ይበላል። በጉርኒሲዮን (በሞተሩ መጋጠሚያ ማሸጊያ) የሚያንጠባጥብ ሞተር ውዱንም ያንጠባጥባል። እንዲያውም ቀጠን ያለው ቶሎ መውጫ ያገኛል። አቧራውንም አትርሱ። ከአስፋልት ወጣ ብሎ ወደ ገንደ ቆሬ ሰፈር ውስጥ የሚመላለስ ባጃጅ አየር ማጣሪያው በሁለት ቀን ቀይ ይሆናል። ያ አቧራ በጥቂቱም ቢሆን ዘይቱ ውስጥ ይገባል። አንዴ ከገባ የዘይቱ ውድነት አያስወጣውም። የሚያስወጣው ዘይቱን መድፋት ብቻ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ርካሽ ዘይትን ቶሎ ቶሎ መቀየር ውድ ዘይትን አቆይቶ ከመንዳት ይበልጣል። ይህን አጥብቄ ነው የምለው።

ሌላም አለ። ሹፌሩ ገንዘብ የሚያገኘው በቀን በቀን ነው። ማታ ለባጃጁ ባለቤት ገቢ ያስገባል። የነዳጁን ይቀንሳል። የተረፈችውን ይዞ ቤቱ ይገባል። ከዚያች ላይ ለርካሹ ዘይት የሚሆነውን በሳምንት ውስጥ ማጠራቀም ይችላል። ለውዱ ግን ሁለትና ሦስት ሳምንት ይፈጅበታል። በነዚያ ሳምንታት የሚነዳው ያለቀ ዘይት ላይ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ነገር ሁሉ ዋጋው ሲጨምር ይህ ክፍተት የበለጠ ተሰምቷል። ርካሹ ዘይትም ራሱ ተወዷል። ሹፌሩ ግን አሁንም በጊዜው ሊገዛው የሚችለው እሱን ነው።

የናፍጣ መኪኖቹም ነገር ከዚህ አይርቅም። ከድሬ ተነስቶ የደንገጎን ዳገት የሚወጣ አይሱዙ ከ1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስቶ ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ይወጣል፤ ያውም ጭኖ፣ በከባድ ማርሽ እየተጎተተ። ናፍጣ ሲቃጠል ጥላሸት ይፈጥራል፤ ከድኙም አሲድ ይወጣል። ዘይቱ ጥላሸቱን ይዞ ያንሳፍፈዋል፣ አሲዱንም ያከሽፈዋል። ስለዚህ የናፍጣ መኪና ዘይት በተቀየረ ማግስት ቢጠቁር አትደንግጡ። ሥራውን እየሠራ ነው። ችግሩ አሲድ የሚያከሽፈው ቅመም ሲያልቅ ነው። ተራውም ዘይት ይህ ቅመም አለው፤ ዘይቱ ለምን ዓይነት ሞተር እንደሚበቃ የሚናገረው ጋለኑ ላይ ያለው ኤፒአይ የሚባለው የአሜሪካ የጥራት ደረጃ ነው። ለናፍጣ ሲኤች-4 ወይም ሲአይ-4 የሚል ተራ ዘይት በሰዓቱ ከተቀየረ ደንገጎን ይወጣል። ሹፌሮቹ በየቀኑ እየወጡት ነው።

እዚህ ላይ ግን ከወዳጆቼ ከሹፌሮቹ ጋር የምለያይበት ነገር አለ። ታማኝነቱ ወደ አዲሶቹ መኪኖችም ሲሻገር አልስማማም። አንዳንድ ጋራዥ ውስጥ በቅርብ ዓመታት የገባች ሱዙኪ ዲዛየር ወይም ቶዮታ ቪትስ ላይ፣ ለኛ ሙቀት ወፍራሙ ነው ተብሎ 20ደብሊው-50 ይጨመራል። የነዚህ ሞተሮች ክፍተት ጠባብ ነው። የቫልቮቹን ሰዓት የሚያስተካክለው ክፍል የሚሠራው በዘይት ግፊት፣ በቀጫጭን ቀዳዳዎች ነው። ፋብሪካው 5ደብሊው-30 ወይም 0ደብሊው-20 ብሎ መጽሐፉ ላይ ጽፏል። ለነሱ የተጻፈው ይደረግላቸው። ትንንሽ የቤንዚን ሞተር ሆነው ተርቦ (አየር ወደ ሞተሩ በግፊት የሚያስገባ ክፍል) ያላቸውም ተራ ዘይት አይሆናቸውም፤ ተርቦው በጣም ስለሚግል ዘይቱን እዚያው ያከስለዋል። ለአሮጌው ሞተር የሠራ ምርጫ ለአዲሱ ይሠራል ማለት አይደለም።

አሮጌው ሞተር ግን ገና አብሮን ይኖራል። መንግሥት በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክሏል። የሞተር ዘይት የማይፈልጉት የኤሌክትሪክ መኪኖች እየመጡ ነው፤ ደስ ይላል። አሁን በእጃችን ያለው ሞተር ግን ምትኩ በቀላሉ አይገኝም። ሞተር ወርዶ ማሳደስ ደግሞ ስንት እንደደረሰ ባለመኪና ያውቀዋል። ስለዚህ ክርክሩ ውድ ይሻላል ርካሽ መሆኑ ያሳዝነኛል። ሞተራችንን እየጨረሱት ያሉት ሌሎች ሁለት ነገሮች ናቸው።

አንደኛው ሳይቀየር የሚቆይ ዘይት ነው። እዚህ ላይ ባለቤቶች ይስሙኝ። ብዙ ቦታ ዘይት የማን ወጪ እንደሆነ በግልጽ አልተነገረም። ሹፌሩ የባለቤቱ ነው ይላል፤ ባለቤቱ ገቢው ላይ ያተኩራል። መሃል ላይ ሞተሩ ይደርቃል። ገቢ ስትነጋገሩ ዘይትና ፊልትሮን (የዘይት ማጣሪያውን) አብራችሁ ተነጋገሩ። ሹፌሩ ዘይት በሚቀየርበት ቀን ከገቢው ይቀነስለት። የኪሎ ሜትር መቁጠሪያው የማይሠራ ባጃጅ ከሆነ ቀን ቁጠሩ፤ የሚቀየርበትን ቀን መስታወቱ ላይ ጻፉት።

ሁለተኛው አስመስሎ የተሠራ ዘይት ነው። ያገለገለ ዘይት ተጣርቶ፣ ቀለም ተሰጥቶት፣ በታወቀ ጋለን ታሽጎ ይሸጣል። አስመሳዩ የሚደክመው ለትርፍ ስለሆነ ውዱ ጋለን ይበልጥ ያጓጓዋል። ሹፌሩ ከሚያውቀው ሱቅ፣ የሚያውቀውን ርካሽ ዘይት ለዓመታት መግዛቱ አንድም ከዚህ ፍርሃት ነው። ሦስት እጥፍ ከፍሎ ከተታለለ ሦስት እጥፍ ይከስራል። ሻጩን ያውቀዋል፣ የዘይቱን ሽታ ያውቀዋል፣ ሞተሩ ላይ የሚያሰማውን ድምፅ ያውቀዋል።

ለዚህ ደግሞ ሁላችንም የምናደርገው አለ። ጋራዥ ዘይት ስታስቀይሩ ክዳኑ እፊታችሁ ይከፈት፤ ማሸጊያው የተነካካ ከሆነ መልሱት። ባዶውን ጋለን ለማንም ከመስጠታችሁ በፊት በቢላ ጎኑን ቅደዱት፣ ተመልሶ እንዳይሞላ። የከተማው ንግድ ቢሮም ለገበያ የሚቀርበውን ዘይት ከየሱቁ እያነሳ ያስፈትሽ፤ ውጤቱንም በይፋ ይንገረን።