ሰብሮ መግባትን ከመማር በፊት መልሶ ማስነሳትን

በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚለቀቁት የሳይበር ደህንነት ሥልጠና ማስታወቂያዎች በብዛት የሚያሳዩት ሰብሮ መግባትን ነው። የሰብሮ መግቢያ መሣሪያዎች የተሞላው ካሊ ሊኑክስ ይጫናል፤ ለልምምድ ሆን ተብሎ ክፍተት የተተወለት ማሽን ይጠቃል፤ ሰርተፊኬት ይታደላል። ቀጣሪው መሥሪያ ቤት ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚቸገረው የአድሚን ፓስወርድ በማን እጅ እንዳለ የሚያውቅ፣ የትኛው ገመድ ኮምፒውተሮችን ከሚያገናኙት ስዊቾች ከየትኛው እንደሚገባ የመዘገበ፣ የወደቀ ሰርቨር መልሶ የሚያነሳ ሰው በማጣት ነው። በእኔ እምነት የደህንነት መሐንዲስ መሆን የሚፈልግ ሰው የመጀመሪያ ዓመታቱን በኔትወርክና በሲስተም አስተዳደር ሥራ ላይ ማሳለፍ አለበት። ከዚያ ሥራ ውስጥ ደግሞ አስቀድሞ ሊለማመደው የሚገባው ባክአፕን፣ ማለትም የዳታ መጠባበቂያ ቅጂን፣ መልሶ መጫን ነው።

ጊትላብ የተባለው የፕሮግራመሮች ኮድ ማከማቻ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 የደረሰበትን ራሱ በዝርዝር ጽፎ አውጥቶታል። ዋናውን ዳታቤዝ እየተከተለ የሚቀዳው ሁለተኛ ሰርቨር ወደ ኋላ ቀርቶ ስለነበር፣ አንድ ኢንጂነር የዚያን ሰርቨር ዳታ አጥፍቶ ቅጂውን እንደ አዲስ ሊያስጀምር አሰበ። የማጥፊያውን ትእዛዝ የሰጠው ግን በዋናው ሰርቨር ላይ ነበር። በአንድና ሁለት ሰከንድ ውስጥ ቢያቋርጠውም፣ ከ300 ጊጋባይት ገደማ የተረፈው 4.5 ያህል ብቻ ሆነ። ከዚያ ወደ ባክአፑ ተሄደ። ዳታቤዙን በየቀኑ የሚገለብጠው ፕሮግራም ቨርዥኑ 9.2 ሲሆን ዳታቤዙ ራሱ 9.6 ነበር፤ ስለዚህ ፕሮግራሙ ምንም ሳይገለብጥ በስህተት ይቆም ነበር። ስህተቱን የሚናገረው ኢሜይል ደግሞ የላኪን ማንነት የሚያጣራውን የዲማርክ ፍተሻ ስላላለፈ ለማንም አልደረሰም። ባክአፑ አለበት የተባለው የክላውድ ማከማቻ ሲከፈት ባዶ ነው። ድርጅቱን ያተረፈው ከአደጋው 6 ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ለሌላ ሥራ ሲባል በእጅ የተወሰደ የዲስክ ቅጂ ነበር። እሱም በዝግተኛ ዲስክ ላይ ስለነበር መገልበጡ ብቻ 18 ሰዓት ገደማ ፈጀ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ሃከር የለም። እኛም አገር በመጋቢት 6 ለ7 ቀን 2016 ዓ.ም. አጥቢያ የንግድ ባንክ ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ሲያወጡ፣ ባንኩ ክስተቱ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ ነው ያስታወቀው፤ ብሔራዊ ባንክም ነገሩን ከመደበኛ የሲስተም ጥገናና ፍተሻ ጋር አያይዞታል። ለውጥ ከመደረጉ በፊት በሙከራ ሲስተም ላይ መሞከር፣ ወደ ነበረበት የሚመለስበትን መንገድ በጽሑፍ ማዘጋጀት፣ ትእዛዙን ሁለተኛ ሰው እንዲያየው ማድረግ፦ ይህ የሲስተም አድሚን የዕለት ሥራ ነው፤ የደህንነት ሥራም ነው።

ጥቃት ሲመጣም ልዩነቱን የሚፈጥረው ያው ችሎታ ነው። እ.ኤ.አ. ጁን 27 ቀን 2017 ኖትፔትያ የተባለው ቫይረስ ሜርስክ የተባለውን የዴንማርክ የመርከብ ኩባንያ ሲመታ፣ የሠራተኞቹን መግቢያ የሚቆጣጠሩት ዶሜይን ኮንትሮለሮች እርስ በርስ እየተገለባበጡ የሚኖሩ ስለነበሩ አብረው ጠፉ። አንዱ ብቻ ተረፈ፤ ጋና ያለው፣ መብራት ጠፍቶበት ከኔትወርክ ወጥቶ ስለነበር። የጋናው ኢንተርኔት ዳታውን ለመላክ ቀርፋፋ በመሆኑ ዲስኩ በሰው እጅ በናይጄሪያ በኩል ወደ እንግሊዝ ተወሰደ። ኩባንያው በ10 ቀን ውስጥ 4,000 ሰርቨሮችና 45,000 ኮምፒውተሮች እንደ አዲስ መጫኑን የቦርድ ሊቀመንበሩ እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ ዳቮስ ላይ ተናግረዋል።

ከዚህ የሚወሰደው ተግባራዊ ነገር ግልጽ ነው። እርስ በርስ መገልበጥ ባክአፕ አይደለም፤ ጥፋቱንም ይገለብጣልና። የባክአፕ ሰርቨሩ ከድርጅቱ ዶሜይን፣ ማለትም በአንድ ላይ ከሚተዳደሩት ኮምፒውተሮችና የመግቢያ መለያዎች፣ ውጭ ይሁን፤ የራሱ ፓስወርድና ሁለተኛ ማረጋገጫ ይኑረው። ራንሰምዌር፣ ማለትም ዳታን ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ፣ የሚያሰራጩ ሰዎች የዶሜይን አድሚን መብት እንዳገኙ ብዙ ጊዜ ቀድመው የሚያጠፉት ባክአፑን ነው። ቢያንስ አንድ ቅጂ ደግሞ ገመዱ ተነቅሎ ይቀመጥ። መልሶ የመጫኛውን ሰዓት አስቀድሞ ማስላትም ያስፈልጋል፦ 2 ቴራባይት በ100 ሜጋቢት መስመር ከ44 ሰዓት በላይ ይወስዳል፣ በ1 ጊጋቢት ግን 4 ሰዓት ተኩል ገደማ። ይህን ስሌት ያልሠራ ድርጅት ለኃላፊዎቹ «ነገ ጠዋት ይመለሳል» ብሎ ቃል ይገባል፤ ዳታው ግን በሦስተኛው ቀን ይደርሳል።

መብራት በሚመላለስበት አገር ለሚሠራ ሰው አንድ ነገር ለይቼ ላንሳ፤ ሰዓት። የማዘርቦርዱ ባትሪ፣ ያቺ 3 ቮልት ክብ ባትሪ፣ ካለቀች ሰርቨሩ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሰዓቱ ዓመታት ወደ ኋላ ሊሄድ ይችላል። የዊንዶውስ ዶሜይን የሠራተኛውን ማንነት የሚያረጋግጥበት ኬርቤሮስ የተባለው ሥርዓት በመደበኛ አሠራሩ ከ5 ደቂቃ በላይ ልዩነትን አይቀበልም፤ ሠራተኛው ትክክለኛ ፓስወርድ እያስገባ መግባት ያቅተዋል። የድረ ገጽ ሰርተፊኬቶችም ጊዜያቸው ገና ያልደረሰ ይመስላሉ። ከሁሉ የከፋው የሎግ መዝገቡ መበላሸቱ ነው፤ ጥቃት ቢኖር ማን በስንት ሰዓት እንደገባ ማስረዳት አይቻልም። መድኃኒቱ ርካሽ ነው። ባትሪውን መቀየር፣ ሁሉም መሣሪያ ሰዓቱን የሚወስድበት የጋራ የሰዓት ሰርቨር ማቆም፣ ለእሱም ከአንድ በላይ የውጭ ምንጭ መስጠት፣ የኔትወርኩን ገቢና ወጪ በሚቆጣጠረው ፋየርዎል ላይ የሰዓት መረጃ የሚያልፍበትን ዩዲፒ ፖርት 123ን ለእሱ መክፈት።

ለጀማሪ ውድ መሣሪያ አያስፈልገውም። 16 ጊጋባይት ራም ያለው ያገለገለ ላፕቶፕ ላይ በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ሌሎች ኮምፒውተሮችን በሶፍትዌር የሚያስነሳውን ቨርቹዋልቦክስ ጭኖ ሦስት ቨርቹዋል ማሽን ማስነሳት ይቻላል፦ ለፒኤፍሴንስ ፋየርዎል 1 ጊጋባይት፣ ዴቢያን ለተባለው ሊኑክስ 2፣ ለ180 ቀን በነፃ ለሚሞከረው ዊንዶውስ ሰርቨር 4። 192.168.10.0/24 የተባለውን የኔትወርክ አድራሻ ክልል በአራት ከፍሎ፣ እያንዳንዱ 62 አድራሻ እንዲይዝ አድርጎ፣ ሠራተኛውን ከሰርቨሩ ይለይ። ከዚያ የዴቢያኑን ዲስክ ሆን ብሎ ያጥፋና ከባክአፕ ያስነሳ፤ የወሰደበትን ጊዜና ያጣውን ዳታ ይጻፍ። በሁለተኛው ሙከራ ጊዜው ካላጠረ የአሠራር ጽሑፉ ጎድሎታል ማለት ነው። ሲሲኤንኤ ለተባለው የሲስኮ የኔትወርክ ሰርተፊኬት የሚያዘጋጅ መጽሐፍ ከዚህ ጋር ቢነበብ ይጠቅማል፤ ብቻውን ግን አይበቃም።

ቀጣሪዎችም የሚያወጡት ማስታወቂያ መለወጥ አለበት። ለጀማሪ ቦታ የ5 ዓመት ልምድና ሦስት ሰርተፊኬት ከመጠየቅ፣ አመልካቹን ከተበላሸ ቨርቹዋል ማሽን ፊት ለሁለት ሰዓት ማስቀመጥ የበለጠ ያሳያል። አንድም ነገር ከመንካቱ በፊት ቅጂ ወሰደ ወይ? ዲስኩ ሞልቶ እንደሆነ አየ? ሰዓቱንና ስምን ወደ ኔትወርክ አድራሻ የሚተረጉመውን ዲኤንኤስ ፈተሸ? ሎጉን አነበበ ወይስ ሪስታርት አድርጎ ጠበቀ? ያደረገውን በቅደም ተከተል ጽፎ ያስረከበውን ሰው ቅጠሩት፤ ማሽኑን በሁለት ሰዓት ውስጥ ባያስነሳውም።